የዓሣ ጉበት የጾም ነው ወይስ የፍስክ?

ባለፈው ረቡዕ ለአንድ ጉዳይ ሰቆጣ ሄጄ፣ ጉዳዬ «ነገ ይምጡ» ተብሎ ቀረና ከመናኸሪያው በላይ ካለች ምግብ ቤት ደጃፍ አረፍ አልኩ። ሁዳዴ ነው። ከውስጥ የሚጠበስ ነገር ሽታ መጣብኝ። ምን እንደሆነ አእምሮዬ ሳያውቀው አፍንጫዬ አወቀው፤ ምራቄ መረረኝ። ዓሣ ነው። ከተከዜ እያመጡ ይሸጡታል።

አስተናጋጁ ጎረምሳ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ብቅ አለ።

«አባባ፣ ይግቡ እንጂ። አንድ ዓሣ ላምጣልዎት?»

«ሁዳዴ አይደለም እንዴ?»

«ዓሣ እኮ የጾም ነው አባባ።»

«ማን ነው የጾም ያደረገው?»

ልጁ ሳቀ። «ኧረ እኔ እንጃ። ሁሉም ይበላዋል።»

ሁሉም ይበላዋል! በልጁ አልተቀየምኩም፤ ደግ ልጅ ነው፣ የምጠጣው ውሃም አምጥቶልኛል። ግን በሸቅኩ። ነገሩ እንዲህ በሁለት ቃል የሚያልቅ ከሆነ እኛ በዚያ ዓመት ሦስት ሳምንት ምን ስንከራከር ነበር? አንድ አጥቢያ ሙሉ ተሰብስቦ የዓሣን ጉበት ሲመረምር፣ እናቴ ጀንበር በጠለቀች ቁጥር ግድግዳ እየዳሰሰች ትሄድ ነበር።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ሰቆጣ ላይ ጤና ጣቢያ ከተከፈተ ብዙም አልቆየም። ቤታችን ከከተማው የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ፣ ከአንድ ገደል አፋፍ ላይ የተሠራ የድንጋይ ቤት ነው። እኔ የፊት ጥርሴ የሚነቃነቅበት ዕድሜ ላይ ነኝ። እናቴ ዋጋዬ ትባላለች። ከእኔ በኋላ ሁለት ወልዳ ሁለቱም አልሰነበቱም፤ አንዱ ድምፅ ሳያሰማ ቀረ፣ ሁለተኛው ክርስትና ሳይነሳ በሳምንቱ ሄደ።

በዚያ ዓመት ደግሞ አረገዘች። አረገዘች ብሎ የነገረኝ የለም። በእኛ አገር እርግዝና አይነገርም፤ ሆዱ ራሱ እስኪናገር ይጠበቃል፣ ከተናገረም በኋላ ሰው ሁሉ ያልሰማ ይመስላል። እኔ ያወቅሁት በሥራዬ ነው። ሥራዬ ማታ ማታ እናቴን መምራት ነበር። ቀን እንደማንም ታያለች፤ መርፌ ትሰካለች፣ ከሽሮ እህል ጠጠር ትለቅማለች። ጀንበር ጠልቃ ገና ለእኔ ሁሉ ነገር ቁልጭ ብሎ ሲታየኝ፣ እሷ ቀጥ ብላ ትቆማለች። «ኪሮስ፣ ና ያዘኝ» ትለኛለች። የነጠላዋን ጫፍ ይዤ ከደጃፍ እስከ መደብ አደርሳታለሁ። ዳፍንት ይባላል።

እኔ ግን ዳፍንት የሚባለውን አላውቅም። የመሰለኝ እንዲህ ነው፦ ሆዷ ውስጥ ያለው ልጅ ቀን ተኝቶ ይውልና ሲመሽ ይነቃል፤ ሲነቃ ዓይኗን ይዋሳታል። አንድ ዓይን ለሁለት ሰው አይበቃም። ስለዚህ እየመራኋት ሆዷን በክርኔ እጎሽመውና «መልስላት፣ አንተ ሌባ!» እለዋለሁ።

«ከማን ጋር ነው የምታወራ?» ትለኛለች።

«ከማንም።»

«ከማንም ጋር የሚያወራ እብድ ነው» ብላ ትስቅ ነበር። ያን ጊዜ ገና ትስቃለች።

ሁዳዴ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ እኔ የተነቀለ ጥርሴን ጣሪያ ላይ ልወረውር ከቤት ጀርባ በሄድኩባት ቅጽበት፣ እናቴ ብቻዋን ወደ ደጅ ወጣች። አባቴ ከማሳ ሲመለስ ከገደሉ አፋፍ ሁለት እርምጃ ቀርቷት ደረሰ። አልጮኸም። እጇን ይዞ አስገባት። በነጋታው ቅዳሜ ነበር፤ እሷን አህያ ላይ አስቀምጦ፣ እኔን ከኋላ አስከትሎ ሰቆጣ ወረደ።

ጤና ጣቢያው ደጃፍ የተሰለፈው ሁሉ ወንድ ነው። ድሬሰሩ ታደለ የሚባል፣ ከጎንደር በኩል የመጣ፣ ቶሎ ቶሎ የሚናገር ወጣት ነበር፤ እኛ «ሐኪም» ነበር የምንለው። ለነፍሰ ጡሮች የሚታደል የዱቄት ወተትና ዘይት መጥቶለት፣ በገበያ አስለፍፎ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እርጉዞችን መዝኖ ሊሰጥ ይጠብቃል። እርጉዞቹ ግን ያፍራሉ፤ ቡዳም ይፈራሉ። የመጡት ባሎቻቸው ናቸው።

«ሚስትህ የት አለች?» ይላል ሐኪሙ።

«ቤት።»

«እኔ የምመዝነው እሷን ነው እንጂ አንተን ነው?»

«እኔን መዝነኝ ግዴለም። ከእኔ ትንሽ ቀነስ ብትል ነው» ብሎ አንዱ ጋቢውን አስቀምጦ ሚዛኑ ላይ ወጣ።

ሐኪሙ ግንባሩን በመዳፉ መታ። «ቆይ፣ ከእናንተ ውስጥ እርጉዝ የሆነ አለ?» ብሎ ጮኸ። አንድ ሽማግሌ ብቻ «ይህ ልጅ ምን ነካው?» አሉ።

እናቴን ሲያያት ዕንቁ ያገኘ ያህል ተቀበላት። የዓይኗን ቆብ ገልብጦ አየ፣ እግሯን ተጫነው፣ መዘናት።

«ምን ትበያለሽ?»

እናቴ ለወንድ አልመለሰችም። ደግሞም አማርኛዋ ለቤት እንጂ ለሐኪም አይሆንም፤ የአገራችን ቋንቋ ኽምጣና ነው የሚቀናት። አባቴ መለሰላት። «እንጀራ በሽሮ።»

«ስንት ጊዜ?»

«ጾም ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዴ።»

«አንዴ? ሁለት ሰው ሆና?»

«ልጁም አብሯት ይጾማል» አለ አባቴ። ቀልዱን አልነበረም።

ሐኪሙ ጣሪያ ጣሪያውን አየና ትንፋሹን ለቀቀ። ዳፍንቱ የምግብ ማነስ መሆኑን፣ ልጁም በሆዷ እየከሳ መሆኑን ነገረን። ጉበት ብትበላ ዓይኗ በጥቂት ቀን ይመለሳል አለ። አባቴ «ከፋሲካ በኋላ» አለው። «ልጁ እስከ ፋሲካ የሚጠብቅበት ስንቅ የለውም!» አለ ሐኪሙ። በመጨረሻ አንድ ቆርቆሮ የዱቄት ወተትና አንድ ጥቁር ጠርሙስ አወጣ። ጠርሙሱ ላይ አፉን የከፈተ ዓሣ ተሥሏል።

እዚህ ላይ ሐኪሙ ተሳሳተ። «መድኃኒት ነው» ብሎ ዝም ቢል ኖሮ ያ ሁሉ አይመጣም ነበር። እውነቱን ተናገረ። «ይህ የዓሣ ጉበት ዘይት ነው። ጠዋት ጠዋት አንድ ማንኪያ።»

አባቴ ጠርሙሱን ለመቀበል የዘረጋው እጅ አየር ላይ ቀረ። «የዓሣ ምን?»

ስለ ወተቱ ማንም አልተከራከረም። ወተት ወተት ነው፤ እስከ ፋሲካ ከቆጥ ላይ ተሰቀለ። ክርክሩ የጠርሙሱ ነው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አባቴ ጠርሙሱን ይዞ ለንስሐ አባታችን ለመምሬ ወልዴ አሳያቸው። መምሬ ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ አንስተው ተመለከቱት፤ ሰውም ከበባቸው። ዓሣ ደም የለውም፣ ስለዚህ የጾም ነው አለ አንዱ። ሌላው ተነሳ፤ ጉበት የደም ቤት ነው፣ ጉበት ካለው ደም አለው፣ ደም ካለው ሥጋ ነው።

«ለመሆኑ ዓሣ ጉበት አለው?» አሉ መምሬ።

እኛ የደጋ ሰዎች ነን፤ ዓሣ በሥዕል እንጂ በሥጋ ያየ የለም። ፍየል ሊገዛ ወደ አበርገሌ የሚወርደው ጎረቤታችን ሐጎስ ብቻ እጁን አወጣ።

«ተከዜ ዳር ሲበሉት አይቻለሁ።»

«ጉበቱንስ?»

«እኔ ያየሁት ጭንቅላቱን ነው።»

«ከጭንቅላቱ ቀጥሎ ምን ነበረ?»

«ከጭንቅላቱ ቀጥሎ ሰውየው ዋጠው።»

ሰው ሳቀ። መምሬ አልሳቁም። ሐጎስ በቀጣዩ ወር ለፋሲካ ፍየል ሲወርድ አይቶ ይምጣ ተባለ። እስከዚያ ድረስ ጠርሙሱ የክርክር ዕቃ ስለሆነ በሦስተኛ ሰው እጅ ይቀመጥ ተባለ። ወይ ጉድ! አባቴ በገዛ ጠርሙሱ ዋስ ጠራ። አዋላጇ እማማ ንጋት «እኔ ዘንድ ይቀመጥ» ብለው በሻሽ ጠቅልለው ወሰዱት። እሳቸው ስለ ጾሙ ግድ አልነበራቸውም። «ዘይት አይደል? ልጅ በዘይት ካደገ ሲወጣ ሸተት ነው የሚል» እያሉ ለሴቶቹ ይነግሩ ነበር።

ሐጎስን «ዛሬ ውረድ፣ ሰው ታሟል» ያለው የለም። «መንገዱ ሩቅ ነው፣ ደርሶ መልስ ለአንድ ጉበት?» ተባለ። በየእሁዱ ግን ይከራከራሉ። እኔ መሃላቸው እየተሽሎከለኩ እሰማለሁ። ጠርሙሱ ውስጥ ዓሣው ቀልጦ እንዳለ ነበር የማስበው፤ አፉን የከፈተው ፍርድ እየጠበቀ መስሎኝ ነበር።

እናቴ በነዚያ ሳምንታት ፊቷ ገረጣ፣ እግሯ አበጠ። አንድ ማታ ከምሰሶ ጋር ተጋጭታ ግንባሯ ተሰነጠቀ። ሌላ ማታ ምድጃው የት እንዳለ ጠፍቷት መዳፏን በፍም ላይ አሳረፈችው። ከሁሉ የከፋው ግን እኔ ቂጣ እየበላሁ ጥጉ ላይ ተቀምጬ የሰማሁት ነው። እናቴ ለእማማ ንጋት በኽምጣና ቀስ ብላ ነገረቻቸው፤ «ልጁ ዝም ብሏል። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አንዴ ብቻ ነው የተንቀሳቀሰ።» እማማ ንጋት መዳፋቸውን ሆዷ ላይ አድርገው እዚህም እዚያም ጫን ጫን አደረጉት። እኔ ደነገጥኩ። በክርኔ ስለጎሸምኩት የሞተ መሰለኝ።

ሐጎስ መጣ። ሰው ተሰበሰበ።

«አለው» አለ ሐጎስ። «ግን ትንሽ ናት። ይህችን ታክላለች» ብሎ የአውራ ጣቱን ጫፍ አሳየ።

አበቃ ብለን ነበር። አላበቃም! «ትንሽ ከሆነችማ ምን ችግር አለው» የሚልና «ትንሽም ብትሆን ጉበት ጉበት ናት» የሚል ሁለት ወገን ተፈጠረ። አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት ዱላውን መሬት ላይ ወረወረ። «እኔ የማውቀው ሚስቴ ገደል ልትገባብኝ ነው!» አለ። «ተረጋጋ እንጂ ገብሬ፣ ነገሩ በሥርዓቱ ነው የሚያልቅ» አሉት።

በዚያው ሳምንት ሐኪሙ በበቅሎ መጣ። እናቴ ሦስት ቅዳሜ ስለቀረች ሊያያት ነው፤ ፊቱ በአቧራ ነጥቷል። ከበቅሎው ሳይወርድ «ጠርሙሱን ጨረሰችው?» አለ። ጠርሙሱ ከእማማ ንጋት ቤት፣ ክዳኑ እንደታሸገ፣ በሻሹ እንደተጠቀለለ መጣ። ሐኪሙ ያዘው፣ ክዳኑን ነካካ፣ ደጃፋችን ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ።

«እኔ ይህን ሥራ ትቼ በርበሬ ልሽጥ» አለ። «ቄሱን ጥሩልኝ።»

መምሬ መጡ።

«አባቴ፣ ለነፍሰ ጡር ይህን መጠጣት አይፈቀድም ይላሉ?»

«ኧረ ማን ከለከለ?» አሉ መምሬ ተገርመው። «ነፍሰ ጡር አትገደድም። ዘይቱንም ወተቱንም ብትጠጣ እኔ አልቆጣም።»

«ታዲያ ሦስት ሳምንት ሙሉ ምን ሲከራከሩ ነበር?»

«ስለ ዓሣው ነዋ! ስለ እሷማ ማን ጠየቀኝ?»

ሐኪሙ አፉን ከፍቶ ቀረ፤ ቁርጥ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ዓሣ መሰለኝ። ያ ሁሉ ሰው ክፉ አልነበረም። የተጠየቀውን መለሰ፤ ያልተጠየቀውን ዝም አለ።

ሐኪሙ ክዳኑን ከፍቶ ማንኪያውን ሞላ። ሽታው ደጁን ሁሉ ያዘው። ለእናቴ ዘረጋላት። እናቴ ግን አፏን ገጥማ ፊቷን አዞረች።

«ዋጋዬ፣ ፈቅጄልሻለሁ እኮ» አሉ መምሬ።

ያን ጊዜ እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት ተናገረች፤ በአማርኛ፣ ቃል በቃል እየፈለገች። «ባለፈውም ፈቅደውልኝ ነበር መምሬ። በፍልሰታ ደከመኝ ብዬ ነገርኩዎት፣ ፈቀዱልኝ፣ ወተት ጠጣሁ። እርስዎ ፈቀዱልኝ፤ ልጄን ግን ማን ፈቀደልኝ?»

መምሬ መቋሚያቸው ላይ አገጫቸውን አሳረፉ። ሐኪሙ ልጁ በወተቱ እንዳልሞተ ሊያስረዳት ጀመረ፤ በዓይኗ «አትድከም» አለችው። ማንኪያው እጁ ላይ እንዳለ ዘይቱ እየተንጠባጠበ አቧራ ውስጥ ገባ።

«እንግዲህ ጾሙ እንዳይጎድል ከሆነ የፈለግሽው» አሉ መምሬ፣ «ሌላ ሰው ይጹምልሽ። ቀኖና በዘመድ ይፈጸማል። ጾምስ ለምን አይሆንም?»

«እኔ እጾምላታለሁ» አለ አባቴ ወዲያው።

«አንተ የራስህን ነው የምትጾም። ከአንድ በግ ሁለት ቆዳ አይገፈፍም።»

እማማ ንጋትም ይጾማሉ፣ ሐጎስም ይጾማል፣ አጥቢያው በሙሉ ይጾማል። ትርፍ ጾም ያለው ሰው ጠፋ። ከዚያ ሁሉም አንድ በአንድ ወደ እኔ ዞሩ። ቂጣ እየበላሁ ነበር።

«ዕድሜው ስንት ነው?» አሉ መምሬ። «ሰባት ከሞላው የራሱ ጾም አለበትና አይሆንም።»

«የአንበጣው ዓመት ነው የተወለደው» አለች እናቴ።

«ከአንበጣው በኋላ ነው እንጂ» አለ አባቴ። «ያን ጊዜ ጥጃው ነው የተወለደ።»

«ልጄን ከጥጃ ጋር ታምታታለህ?»

ተከራከሩ። በመስከረም ለሥራ ስፈለግ «ስምንት ዓመቱ ነው፣ ጎረምሳ ነው» ያለው አባቴ፣ ያን ቀን ስድስት ዓመት ከመንፈቅ አደረገኝ። መምሬ አጸደቁት።

ሐኪሙ ብድግ አለ። «አንዱን ላድን ሌላውን ልትገድሉብኝ ነው? ሕፃን ልጅ እስከ ዘጠኝ ሰዓት?»

«እስከ ስምንት» አሉ መምሬ።

«አይሆንም።»

«እስከ ሰባት።»

«እስከ ስድስት ሰዓት። ከዚያ አንዲት ደቂቃ አልጨምርም።»

እንደ ፍየል ገበያ እጅ ሊመታቱ ምንም አልቀራቸው። እኔን የጠየቀኝ እናቴ ብቻ ናት። ጠጋ ብላ ፊቴን ያዘችው። «ትችላለህ ኪሮስ? ወተት የለም፣ ቅቤ የለም። በስርቆትም የለም።» ሆዷ ትከሻዬን ነክቶኝ ነበር፤ ዝም ያለው ሆድ። እኔ የጎሸምኩት ሆድ። «እችላለሁ» አልኩ። ማንኪያውን ከሐኪሙ ተቀብላ ዋጠችው። ፊቷ እንደ ጨርቅ ተጨማደደ፤ እማማ ንጋት «ሸተት!» ብለው ጀርባዋን መቱላት።

መጾም ቀላል ነው የሚል ሰው ሆዱ ሞልቶ ነው የሚናገር። ጠዋት ጠዋት እሷ ዘይቷን ስትውጥ እኔ አፌን ዘግቼ አጠገቧ እቆማለሁ፤ ሽታው እንዳይገባብኝ አፍንጫዬን በጣቴ እይዛለሁ። ከዚያ የቀትር ጥላ እስኪያጥር እጠብቃለሁ። ጥላ ግን ሰው ሲያየው አይሄድም። እኩዮቼ ቆሎ እየቆረጠሙ ይመጡና «ጾመኛው! መምሬ ኪሮስ! ይባርኩን!» እያሉ ይስቁብኛል። አንዱ እኩያዬ፣ ጥርሴ በወለቀበት በኩል ሽምብራ ሊከትብኝ ሞከረ፤ ነከስኩት። ሐኪሙ ወደ ሌላ ሰፈር ሲያልፍ ጎራ ብሎ እጄን በጣቱ ለክቶ «ይህ ልጅ ከስቷል» ባለበት ቀን፣ አባቴ ሁለት እንጀራ በተልባ አበላኝ። ከቀትር በኋላ ነው፤ ስለዚህ ልክ ነው።

በስምንተኛው ቀን ልጁ ተገላበጠ። እናቴ ዱባ እየላጠች ሳለ «ውይ!» ብላ ቢላዋውን ጣለች። እጄን ሆዷ ላይ አደረገችው፤ ከውስጥ መታኝ። የቂም ምት ነው፣ ይገባኛል።

ዓይኗ ግን አሁንም እንደዚያው ነበር፤ ወይም ለእኔ እንደዚያ መሰለኝ። እመራታለሁ፣ ትመራለች።

አሁን ወደሚያሳፍረኝ ነገር ደረስኩ። ከሆሳዕና በፊት ባለው ሳምንት፣ አዲስ የወለደች ፍየላችን ከቤት አጠገብ ባለው ግንብ ሥር ታስራ ትውል ነበር። ጡቷ ሞልቶ ይንጠባጠባል። ጀንበር ጠልቃለች፤ ሰማዩ ገና ቀይ ነው። አባቴ የለም። እናቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ፊቷ ወደ እኔ ነው፤ ግን ማታ ማታ ፊቷ የትም ቢሆን ያው ነው፣ አታይም። ዙሪያውን አየሁ። ማንም የለም። ከፍየሏ ሆድ ሥር ገብቼ ተንጋለልኩና ጠባሁ። ትኩስ ነው፤ ጣፋጭ ነው፤ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ነገር ቀምሼ አላውቅም። ሦስት ጉንጭ ጠጣሁ፤ አራተኛውን ስሞላ፦

«ኪሮስ! ያችን ፍየል ልቀቃት!»

በኽምጣና ነው የጮኸችው። ወተቱ በአፍንጫዬ ወጣ። ፍየሏ ረግጣኝ ዘለለች። ስነሳ እናቴ ቆማለች፤ ጣቷ ወደ እኔ፣ ቀጥ ብሎ፣ ወደ ሌላ የትም ሳይሆን ወደ እኔ ተቀስሯል። አገጬ ላይ የሚንጠባጠበውን ወተት ሁሉ ታየዋለች። ሁለታችንም ቆምን። ከዚያ እናቴ ጣቷን ራሱን አየችው። መዳፏን ገልብጣ አየች፤ በፍም የተቃጠለው ጠባሳ ላይ ቆየች። ሰማዩን አየች። አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። እያለቀሰች ይሁን እየተቆጣች አልለይ አለኝ።

«ነገ ራስህ ለመምሬ ትነግራቸዋለህ» ብላ ገባች። ብቻዋን፤ ግድግዳ ሳትዳስስ።

በነጋታው መምሬ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። የሆነውን ተናገርኩ።

«ስንት ጊዜ ጠባህ?»

«ሦስት ጉንጭ። አራተኛው በአፍንጫዬ ወጣ።»

«መቼ?»

«ጀንበር ጠልቃ።»

«ማን አየህ?»

«እናቴ።»

መምሬ ቀና አሉ። «ከየት ሆና?»

«ከደጃፍ።»

«አንተስ?»

«ከግንቡ ሥር።»

ቤታችንን ያውቁታል። ከደጃፉ እስከ ግንቡ ያለውን በሐሳባቸው ለኩት። ከዚያ «ሠላሳ ስገድ» አሉኝ፤ ሊቆጥሩልኝ ቆሙ። ዐሥራ አንድ ላይ ስደርስ ቆጠራው ጠፋቸውና እንደገና አስጀመሩኝ። ሃያ ላይ ደግሞ ጠፋቸው። አቤት ስንት ሰገድኩ! ሰርቄ ቀና ብዬ ሳይ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ ከንፈራቸው ያለ ድምፅ ይስቅ ነበር።

ጾሙን ጨረስኩ። ፋሲካ ሆነ፣ የወተቱ ቆርቆሮ ከቆጥ ወረደ፤ ሐኪሙ ባዘዘው መሠረት እናቴ ጠዋትና ማታ እየበጠበጠች ጠጣች። አባቴ ጉበት አበላት። ጎረቤቶቻችን አሁን ደግሞ «ይህን ያህል ከበላች ልጁ ይገዝፍባታል» ብለው አዲስ ክርክር ጀመሩ። አባቴ ግን ከዚያ በኋላ ማንንም አልጠየቀም። ሁለት እርጉዝ ጎረቤቶቻችንም ባል ሳይልኩ፣ ራሳቸው ቅዳሜ ሰቆጣ ወረዱ፤ ፊታቸውን ተከናንበው።

የዳግማዊ ትንሣኤ ሳምንት እንዳለፈ እናቴን ምጥ ያዛት። ከረፋድ ጀምሮ እኔና አባቴ ደጅ ቁጭ ብለናል። ዋለች። ጀንበር ጠለቀች። አባቴ ወደ ገደሉ ፊቱን አዙሮ ጭድ ይበጣጥሳል። ከውስጥ የእማማ ንጋት ድምፅ ብቻ ይሰማል፤ «በርቺ፣ በርቺ»። ከዚያ እሱም ቆመ። አባቴ ከእጁ ጭዱን ጣለ።

ሕፃን አለቀሰ።

«ኩራዝ አምጡ!» ብለው ጮኹ እማማ ንጋት። «ጨልሞብኛል፣ ምን እንደሆነ ልየው! ወንድ ይሁን ሴት አልታየኝም!»

አባቴ ተነስቶ ይራወጥ ጀመር። ኩራዙ አለ፣ ክብሪቱ የለም። ክብሪቱን አገኘ፣ ክሩ ጋዝ የለውም። «ጋዙን የት አደረጋችሁት? ኪሮስ፣ ጋዙ የት ነው? በእኔ ላይ ብቻ ነው ዕቃ የሚጠፋ?» እያለ ዕንስራ ይገለብጣል። እማማ ንጋት ከውስጥ «ኩራዝ! ኩራዝ!» ይላሉ። እኔ ከሁለቱ መሃል ቆሜ ነበር።

ያን ጊዜ ከጓዳው ጨለማ የእናቴ ድምፅ መጣ። ደክሟታል፣ ግን የተሰላቸ ሰው ድምፅ ነው።

«ገብሬ፣ ምን ታተራምሳለህ? ተወው ኩራዙን። ሴት ናት። እያየኋት ነው።»